ለማሽኑ የሚፈርመው ማን ነው?



በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ምን እንደሆኑ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ቆጥራ፣ አገላብጣ አይታ ትፈርማለች። ገና ስትቀጠር ተያዥ አምጪ ተብላለች፤ በቆጠራ ጊዜ አንድ ጥቅል ሽቦ ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነውና። በዚህ አሠራር ብዙ ተማርረንበታል፣ ብዙ ቀንም አቃጥሎብናል። ውስጡ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለ። መደርደሪያው ላይ ለተቀመጠ ለእያንዳንዱ ዕቃ መልስ የሚሰጥ፣ ስም ያለው ሰው አለ።

ታዲያ ዕቃውን የሚያነሣው፣ የሚደረድረውና መልሶ የሚያወጣው ማሽን ሲሆን ያ ስም የማን ይሆናል? ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ማሽኑ ላመጣላት ዕቃ ትፈርም ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ልክ ስለመሆኑ ግን ማን ይፈርማል? ንግግሬ በሙሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። እኔ የማምነውን ከመጀመሪያው ልናገር። አውቶማቲክ መጋዘንና ዘመናዊ የአቅርቦት ሥራ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ማሽኑን ከፍቶ የሚያይ፣ የቆመበትን ምክንያት የሚያገኝ፣ የሚጠግን፣ ከዚያም «ይሠራል፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ብሎ ስሙን የሚያሰፍር ቴክኒሻን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይህች ሀገር ከዚህ በፊት አሠልጥናለች። ዛሬ ቴክኒሻን የምናሠለጥንበት መንገድ ግን ወደዚያ አያደርስም።

ይህን ነገር እዚህ ካዛንቺስ ላይ ቆሞ መናገር ምክንያት አለው። ከዚህ ተነሥታችሁ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም በስታዲየም አጠገብ ወደ ለገሃር ብትወርዱ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ዋና መሥሪያ ቤት ትደርሳላችሁ። የመርከቡ፣ የደረቅ ወደቡና የጭነቱ ትእዛዝ የሚወጣው ከዚያ ነው። ትንሽ አለፍ ስትሉ ሜክሲኮ ነው፤ የቡናና የሰሊጥ መጋዘን ደረሰኝ ወደ ግብይት የሚመጣበት የምርት ገበያ እዚያ አለ። ጎተራ ያሉት የእህል መጋዘኖችም ሩቅ አይደሉም። ሞጆ ላይ ወይም ቦሌ ላይ ማሽን ከመተከሉ በፊት ስለ ማሽኑ ብዙው ወረቀት የሚፈረመው በዚህ አካባቢ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ ሥልጠናው በአንድ መስመር የሚታለፈውም እዚሁ ነው።

ስለ ማሽኑ ራሱ ትንሽ ልንገራችሁ። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ታገሡኝ፤ ያልሆናችሁት ግን ይህን ካላያችሁ የቀረው ንግግሬ ባዶ ይሆንባችኋል። ቦሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለተኛው የካርጎ ተርሚናል ሰኔ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለብቻው በዓመት 600 ሺህ ቶን፣ ከነባሩ ተርሚናል ጋር አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ እንዲያስተናግድ ታስቦ ነበር። ይህን የሚያህል ጭነት በትከሻና በፎርክሊፍት ብቻ አይነሣም። በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ፣ ከፍ ዝቅም የሚል ትልቅ ማንሻ አለ፤ ባለሙያዎቹ ኢቲቪ ይሉታል። አውሮፕላን ላይ የሚጫነውን ፓሌት ከነጭነቱ ተቀብሎ ፎቅ በፎቅ በተሠራው መደርደሪያ ውስጥ ያስገባዋል፤ የበረራው ሰዓት ሲደርስ ያወጣዋል። የትኛው ፓሌት የት እንዳለ የሚያውቀው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያዝዘው ደግሞ በብረት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ፒኤልሲ የሚባል መቆጣጠሪያ ነው፤ ፒኤልሲው ሞተሩን ያዝዛል። ሞተሩ መድረሱን የሚናገሩት በየቦታው የተገጠሙ ሴንሰሮች ናቸው።

አሁን ሌሊት ነው እንበል። ጽጌረዳ የጫነ ፓሌት ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥቶ ወደ አውሮፕላን ሊሄድ ነው። ማንሻው መሐል ላይ ቆመ። ስክሪኑ «ቦታው ተይዟል» ይላል፤ በዓይን ሲታይ ግን ቦታው ባዶ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ምን ያደርጋል? ሪሴት ይጫናል። ማሽኑ ይነሣል፤ ጥቂት ይሄድና እንደገና ይቆማል። ደግሞ ይጫናል። አለቃው ከኋላው «በረራው ሊያመልጠን ነው!» እያለ ይጮኻል። በመጨረሻ ሴንሰሩን ባይፓስ ያደርገዋል፤ ማለትም የማሽኑን ዓይን ይሸፍናል። ማንሻው ይሄዳል፤ አበባውም ይጫናል። ያ ልጅ በዚያች ሌሊት ይመሰገናል። ሴንሰሩ ግን እንደታሰረ ይቀራል፤ ቦታው በእርግጥ በተያዘ ቀን ማንሻው ጭነቱን በጭነት ላይ ያስገባል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ብረት ብቻ ከሆነ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

የሠለጠነ ሰው ግን መጀመሪያ ኃይሉን ይቆርጣል፤ ማብሪያውን በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሰው መተላለፊያው ውስጥ እያለ ከውጭ ሆኖ ማንም ማሽኑን እንዳያስነሣው ነው። ከዚያ ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። ይህ ዓይን ጨረር ይልካል፤ ማዶ ያለው አንጸባራቂ ይመልስለታል። ጨረሩ ካልተመለሰ ማሽኑ መሐል ላይ ዕቃ አለ ብሎ ያምናል። አንጸባራቂው አቧራ ለብሶ ይሆን? የያዘው ቡሎን በንዝረት ላልቶ አንግሉ ዞሮ ይሆን? ሶኬቱ እርጥበት ገብቶበት ይሆን? አንድ በአንድ ያያል። ያጸዳል፣ ያጠብቃል፣ ማሽኑን በእጅ ትእዛዝ ቀስ አድርጎ ያስኬዳል። ከዚያ ይጽፋል፤ በየትኛው ሰዓት፣ የትኛው ሴንሰር፣ ምን ሆኖ እንደተገኘ፣ ምን እንደተደረገለት። ያ ጽሑፍ ከጥገናው እኩል ዋጋ አለው። ያው ቡሎን በወሩ እንደገና ቢላላ ችግሩ ሌላ ቦታ መሆኑን የሚነግረን እሱ ነውና፤ ምናልባት ሐዲዱ፣ ምናልባትም የተበላ ኩሽኔታ።

ይህን ሰው ምን ብለን እንጥራው? ኤሌክትሪሺያን ነው እንዳንል መካኒክ መሆን አለበት፤ መካኒክ ነው እንዳንል የኮምፒውተር መስመር መፈተሽ ይችላል። በዚያ ላይ የግምጃ ቤት ሕግ ማወቅ አለበት። መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ከሆነ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይወጣል፤ ክትባት ከሆነ አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ማሽኑን ለጥገና ሦስት ሰዓት ማቆም ይቻል እንደሆነ የሚወስን ሰው ውስጥ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ ማሽኑን አድኖ ዕቃውን ይገድላል። የትምህርት ክፍሎቻችን አጥር ያጠሩት በእነዚህ ዕውቀቶች መካከል ነው፤ ሥራው ደግሞ ያለው አጥሩ ላይ ነው።

ይህች ሀገር እንዲህ ያለ ሰው አሠልጥናለች ብያለሁ። የመጀመሪያው ማስረጃዬ እዚሁ ለገሃር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ የለገሃሩ ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ባቡሩን በሕይወት ያቆየው ግን የድሬዳዋው ወርክሾፕ ነው። ወጣቱ እዚያ ገብቶ ከነባሩ ሠራተኛ ጎን ይቆማል። መጀመሪያ መሣሪያ ያቀብላል፤ ቀጥሎ ይፈታል፤ ዓመታት አልፈው ይገጥማል። መለዋወጫ ከአውሮፓ እስኪመጣ መጠበቅ በማይቻልበት ጊዜ እዚያው ቀርጸው ያወጡ ነበር። ብዙዎቹ ፈረንሳይኛውን የተማሩት ከሥራው ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባቶች ያሉበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ስለ አንድ የሎኮሞቲቭ ሞተር ስትጠይቋቸው እንደ ልጃቸው ይነግሯችኋል። ያ ሥልጠና ሁሉ ነገሩ መልካም ነበር አልልም። ዘገምተኛ ነበር፤ የላይኛውን ወንበር ለረጅም ጊዜ የያዙትም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ሠልጣኙ ማሽኑን በእጁ ይነካ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ አየር መንገዱ ነው። በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ሄደ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ የሆኑት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ነው። ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ በዚያው አቆጣጠር 1971 ደርሶ ነበር። ከውሉ እስከ ዋናው ወንበር ሩብ ምዕተ ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት አየር መንገዱ የራሱን ትምህርት ቤት አቋቁሞ የራሱን ሰው አሳደገ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ወንበሩ አይደለም፤ የጥገና ሠራተኛው ፊርማ ነው። አውሮፕላን ከጥገና ወጥቶ የሚበረው ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ ሲፈርም ብቻ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አለቃ ቢቆጣ፣ መንገደኛ ቢያጉረመርም፣ ያ ሰው ካልፈረመ አውሮፕላኑ አይነሣም። ቴክኒሻኑ የሚማረው ሁሉ፣ የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚወስደው ፈተና፣ የሚከፈለው ደመወዝ፣ ወደዚያች ፊርማ የሚያደርስ ነው። ፊርማው ሥልጣን ስለሆነ ሥልጠናውም የምር ይሆናል። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ የጭነት ማንሻ ወይም ሞጆ ላይ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚያነሣ ሪች ስታከር ሲጠገን ግን በሕግ እኩል ክብደት ያለው ፊርማ አንጠይቅም። ሠራተኛ ከሥሩ ያልፋል፤ የሰው ንብረት በላዩ አለ።

ሦስተኛው ጉዳይ ትኩስ ነው፤ ሁላችንም የምናየው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2018 ጀመረ። ለስድስት ዓመት ያስተዳደሩት መስመሩን የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። ዛሬ ባቡሩን የሚነዱትና የሚጠግኑት ልጆቻችን ናቸው፤ በዚህ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን ከዚህ ርክክብ መማር ያለብን ስድስት ዓመት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ብልሽት በገጠመ ቁጥር የቁጥጥር ሣጥኑን የከፈተው እጅ የማን ነበር? ኢትዮጵያዊው ከኋላ ቆሞ ያየ ከሆነ ስድስት ዓመት ማየት ተምሯል። ራሱ የከፈተው ከሆነ ሙያውን ይዞታል። ወደፊት የምንፈርመው ውል ሁሉ፣ ለባቡር ይሁን ለመጋዘን፣ ይህን በቁጥር መጠየቅ አለበት፤ ስንት ብልሽት በእኛ ሰው እጅ ተጠገነ? ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቁጥር የተካፋይ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ላይ መፈረም ቀላል ነው።

ጉዳዩ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ይበልጥ ከባድ ሆኗል። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚጠራ አንድ ባለሙያ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ የቀን አበሉ፣ ይዞት የሚመጣው ትንሽ ካርድ፣ ሁሉም በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሴንሰር ለማጽዳት ሰው ከባሕር ማዶ የምንጠራበት ዘመን ማለፍ አለበት። ይህን የምለው ከውጭ የሚመጡትን ባለሙያዎች በመናቅ አይደለም። ከእነሱ ብዙ ተምረናል። የመጡበት ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያለ ልጅ ሊሠራው የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ልምጣ፤ የልቤ ጉዳይ እዚህ ነው። ተግባረ እድ ሜክሲኮ አጠገብ ነው፤ ከነጻነት ማግስት በ1934 ዓ.ም. ተመሠረተ። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሎጂስቲክስና የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ያስተምራል። እነዚህን ሁለት ቤቶች ያቋቋሙት ሰዎች ሀገር ከጦርነት ስትነሣ ምን እንደሚያስፈልጋት አውቀው ነበር፤ አንደኛው ብረትና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ፣ ሌላኛው መዝገብና ዕቃ የሚያውቅ ሰው እንዲያወጣ። የዛሬው መጋዘን ደግሞ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ይፈልጋል። የተግባረ እድ ሠልጣኝና የንግድ ሥራ ተማሪ ግን በአንድ ማሽን ፊት ለፊት ቆመው አብረው ሲማሩ አላየሁም። አንዱ ሞተር ጠምጥሞ ይመረቃል፤ ሞተሩ ምን እንደሚሸከም አያውቅም። ሌላዋ ስለ ዘመናዊ መጋዘን ጥናት ጽፋ ትመረቃለች፤ ሴንሰር በእጇ አልነካችም። ሁለቱም ብርቱ ልጆች ናቸው። የከፋፈልናቸው እኛ ነን።

የትብብር ሥልጠናው፣ ሰባ በሠላሳ የምንለው፣ በሐሳብ ደረጃ ትክክለኛ ነው። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ይላል። በተግባር ግን ድርጅቱ ልጁን ተቀብሎ ምን ያደርገዋል? የአብዛኛው ልምድ ይታወቃል። ፋይል ያመላልሳል፤ ግቢ ያጸዳል፤ ማሽኑ ሲከፈት «ራቅ በል፣ እንዳትነካ» ይባላል። ድርጅቱንም ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ማሽኑ ውድ ነው፤ ቢበላሽ የሚጠየቀው ኃላፊው ነው፤ ልጁን ለማስተማር የሚከፈለው የለም። ለዚህ ነው ሠልጣኝ መጀመሪያ የሚሳሳትበት ማሽን የሚያስፈልገው። አሮጌ ቤልት፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ ፒኤልሲ፣ ስድስት ሴንሰር፣ ባርኮድ የሚያነብ አንድ ስካነር፤ ይህ በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ይገባል። መምህሩ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ አንድ ነገር ያበላሻል። ሽቦ ያላላል፣ አንጸባራቂ ያዞራል፣ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቁጥር ይቀይራል። ሠልጣኞቹ ሲገቡ ቤልቱ ቆሟል። ፈልጉ! ይህ በዓመት መቶ ጊዜ ከተደረገ ያ ልጅ ሞጆ ሲሄድ ማንም «ራቅ በል» አይለውም።

አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት ኮድ እየተማረ ነው። መልካም ነው፤ ይቀጥል። መጋዘን ውስጥ ያለ ኮድ ግን መጨረሻ ላይ ብረት ያንቀሳቅሳል፤ ስሕተቱም ሰው ይመታል። ስለዚህ ኮድ ካጠኑት መካከል ካቻቢቴና መልቲሜትር ለመያዝ ፈቃደኛ የሆኑትን እንፈልግ።

አንድ ጥያቄ በእርግጥ በአእምሯችሁ አለ፤ ከጫኝና አውራጅ ማኅበር የመጣ ሰው እዚህ ካለም በልቡ ይጠይቀኛል። «ሥራ ፈላጊ በሞላበት ሀገር ማሽን ለምን?» ይህ ጥያቄ መከበር አለበት። እኔም ሁሉም መጋዘን አውቶማቲክ ይሁን አልልም። መርካቶ ላለ ጅምላ ነጋዴ ጥሩ መደርደሪያ፣ የተስተካከለ ስቶክ ካርድና ባርኮድ ይበቃዋል። ቆጠራው የተዛባ መጋዘን ላይ ማሽን መትከል ስሕተቱን ማፋጠን ነው። ማሽን የሚያስፈልገው ጭነቱ ለሰው ትከሻ ከባድ በሆነበት፣ ቅዝቃዜ በሚያስፈልግበት፣ ሰዓት በሚገድልበት ቦታ ነው፤ ካርጎ ተርሚናል፣ ደረቅ ወደብ፣ የመድኃኒት ማከማቻ። እዚያም ቢሆን ከጫኝና አውራጆቹ መጀመር አለብን። ዕቃ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ካርቶን ከሥር ሲሆን እንደሚሰበር፣ የቱ ፓሌት ዘምሞ እንደተጠቀለለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማሽኑ ሲቆም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተዘበራረቀ ፓሌት ነው፤ እነሱ በዓይናቸው ያገኙታል። ፊደል የቆጠረ ጫኝ ኦፕሬተር ይሆናል፤ የተጋ ኦፕሬተር ቴክኒሻን ይሆናል። ይህ መሰላል በሥራ መደብ ዝርዝር ላይ ተጽፎ፣ ለእያንዳንዱ እርከን ደመወዙ ታውቆ ካልተቀመጠ ግን ማንም አይወጣበትም።

ማሽን ቀድሞ ሰው ኋላ የሚሉ አሜሪካኖችም ተጎድተዋል። የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሁሉ በአውቶማቲክ እንዲሄድ አስቦ ነበር። ሥርዓቱ በበቂ ሳይፈተሽ ተጣደፈ፤ ሻንጣ ይበተን፣ ይቀደድ ጀመር። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ሲከፈት ከታቀደለት 16 ወር ዘግይቶ ነበር። ሥርዓቱ በከፊል ብቻ ሠርቶ በ2005 ተተወ፤ ሻንጣውም ወደ ሰው እጅና ወደ ጋሪ ተመለሰ። ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው ሀገር ማሽኑን የሚፈትሽበትን ጊዜ ቆጠበና ከፈለ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ለሞጆ ደረቅ ወደብ ማሻሻያ የዓለም ባንክ 150 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ባቦጋያ ላይ የሎጂስቲክስና የማሪታይም አካዳሚ አለ። ገንዘብ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም ማለት አንችልም። የጎደለው ግዢውን ከሥልጠናው የሚያስተሳስረው ውል ነው። ማሽን ስንገዛ የኤሌክትሪክ ሥዕሉን፣ የፒኤልሲውን ፕሮግራምና የይለፍ ቃሉን አብረን መግዛት አለብን። የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ከቀረ ባለቤቱ ሻጩ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ የእኛ ቴክኒሻኖች፣ ሻጩ ሆን ብሎ የፈጠረውን ብልሽት፣ ያለ እሱ ርዳታ አግኝተው ሲጠግኑ ይለቀቅ። ይህ አንቀጽ በጨረታ ሰነድ ላይ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ጽፎ የሚያስገባው ሰው ምናልባት አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እህቴ፣ ጻፉት።

የሙያ ብቃት ማረጋገጫው፣ የሲኦሲ ፈተናም፣ እንዲሁ ይለወጥ። ወረቀት ላይ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ስለ ሴንሰር ምን እንደሚታወቅ ይለካል። የቆመ ማሽን ፊት አቁመን፣ ሰዓት ይዘን፣ በመጀመሪያ ኃይሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ መክተቱን እንይ። ያን ያላደረገ፣ ቀሪውን ቢያውቅም፣ በዚያች ቀን ይውደቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ ደኅንነት አሠሪውን ግዴታ ይጥልበታል፤ ግዴታውን መሬት ላይ የሚያወርደው ግን ያ ቁልፍ ነው። ያለፈ ግን ሰርተፊኬቱ ላይ የትኛውን ዓይነት ማሽን ለሥራ ለመልቀቅ መፈረም እንደሚችል ይጻፍለት። ያ ፊርማ ደመወዝ ይከተለው። ደመወዝ ካልተከተለው ያሠለጠንነው ልጅ ዱባይ መጋዘን ውስጥ ነው የምናገኘው።

ለብዙ ዓመታት የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር እዚሁ ካዛንቺስ ነበር። ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄዱ እህቶቻችን የሥራ ውላቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲሰለፉ ያላየ የዚህ ሰፈር ሰው ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የሥራ ጉዳይና የሙያ ሥልጠና ከአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ያ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሥልጠናውን የሚያቅደውና ሥራውን የሚያውቀው አሁን አንድ ቤት ነው። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ፈርሳ እንደ አዲስ መሠራት ጀመረች። ብዙ ጎረቤት ተበትኗል፤ በሱቅና በጉልት ይተዳደር የነበረ ወጣት ብዙ ነው። አሁን የሚነሡት ሕንፃዎች ሊፍት፣ የውሃ ፓምፕ፣ አውቶማቲክ ጀነሬተር፣ የመኪና ማቆሚያ ማሽን ይኖራቸዋል። ሁሉም ውስጥ ያው ሴንሰር፣ ያው ሞተር፣ ያው የብረት ሣጥን አለ። መጋዘን የሚጠግን ልጅ እነዚህንም ይጠግናል፤ ከዚህ የተነሡት ቤተሰቦች ልጆች ተመልሰው በሙያ እንዲገቡባቸው ማድረግ ይቻላል። የክፍለ ከተማው ኃላፊዎች ይህን እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ።

በመጨረሻ ለሁለቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን አንድ ነገር ላቅርብ። የመንግሥት ውሳኔ፣ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ የውጭ ርዳታ አንጠብቅ። ከተግባረ እድ አሥር ሠልጣኝ፣ ከንግድ ሥራ አሥር ተማሪ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት። መጀመሪያ ያልኳትን የሥልጠና ቤልት አብረው ይገጥማሉ፤ ቀጥሎ ከእውነተኛ መጋዘን የተወሰደ የዕቃ ዝርዝር ይሰጣቸዋል፤ ዕቃው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል፣ ይቆጠራል። የኤሌክትሪክ ልጆቹ ሞዴል 19 ይቆርጣሉ፤ የመዝገብ ልጆቹ ሽቦ ይገፍፋሉ። ለዚህ የሚሆን አሮጌ ሞተርና ያገለገለ ፒኤልሲ ማፈላለጉን እኔ እወስዳለሁ። ክፍልና መምህር ከእናንተ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ጻፉልኝ፤ ጥያቄ ያላችሁም አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።